የእናቴን የግፊት ክኒን ያስቆመው የቴሌግራም መልእክት፦ ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። እናቴ የደም ግፊት ታካሚ ስትሆን ኢናላፕሪል ትወስዳለች። በ2012 ኮሮና በገባ ሰሞን አክስቴ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ‹የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ኮሮና ከያዘው አይተርፍም፤ ዛሬውኑ አቁሙ› የሚል መልእክት ላከች። እናቴም ማንንም ሳታማክር አቆመች። እኛ ያወቅነው ከሦስት ወር በኋላ፣ ራሷን አዙሯት ወድቃ ግፊቷ 190 በ110 ሆኖ ሲገኝ ነው። ዛሬ ደህና ናት፤ ነገር ግን በ2017 ኤምፖክስ (የዝንጀሮ ፈንጣጣ) ሞያሌ ላይ ተገኘ ሲባልም ግሩፑ በዚያው ዓይነት መልእክት ተሞልቶ ነበር። ለመሆኑ ያ መልእክት ጨርሶ ውሸት ነበር? እናቴን ከግሩፑ ላስወጣት? እኔስ ጤና ነክ ነገር ከፌስቡክና ከቴሌግራም መፈለጌን ማቆም አለብኝ?»

ምላሽ፦ ጠያቂያችን፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምርና፣ መፈለግዎን አያቁሙ። ጅማ ውስጥ በፋርማሲ ባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት ስልኩን ይዞ መጥቶ «ይህ ነገር እውነት ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው በጠየቀው ነገር ሲጎዳ አላየሁም። ሲጎዱ ያየኋቸው አንብበው ማንንም ሳይጠይቁ ያደረጉትን ነው። እናትዎም የተጎዱት መልእክቱን በማንበባቸው ሳይሆን፣ በማንበባቸውና ክኒኑን በማቆማቸው መካከል አንድም ሰው ባለመኖሩ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ስለዚያ በመካከል ሊኖር ስለሚገባው ሰው ነው።

መልእክቱ ጨርሶ ውሸት አልነበረም፤ አደገኛ ያደረገውም ይኸው ነው። ከየት እንደ መጣ በትክክል መናገር ስለሚቻልና የዚህ አንድ መልእክት ጉዞ ሌሎቹንም ስለሚያስረዳ፣ ታሪኩን ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት። የኮሮና ቫይረስ ወደ ሰውነታችን ሕዋስ የሚገባው በሕዋሱ ገጽ ላይ ከሚገኝ ኤሲኢ ሁለት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው፤ ፕሮቲኑ ለቫይረሱ እንደ በር ያገለግለዋል ማለት ነው። ኢናላፕሪል ደግሞ ግፊትን የሚያወርደው የዚህ ፕሮቲን የቅርብ ዘመድ የሆነውንና ኤሲኢ የሚባለውን፣ የደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር የሚያመርተውን ኢንዛይም በመግታት ነው። ሁለቱ በስም ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። ይሁን እንጂ በእንስሳት ላይ ከተደረጉ ጥናቶች አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች የኤሲኢ ሁለትን መጠን ሊጨምሩ እንደሚችሉ አመልክተው ነበርና፣ ጥቂት ሐኪሞች «በሩ ከበዛ ቫይረሱም በቀላሉ ይገባ ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣላቸው። ይህንኑ በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ በአጭር ደብዳቤ አወጡት፤ ዕለቱም የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የሰየመበት መጋቢት 2 ቀን 2012 ነበር። ደብዳቤው ያለው መድኃኒቶቹ ሕመሙን ሊያባብሱ ይችሉ ይሆናልና ታካሚዎቹን በቅርብ መከታተል ይገባል ነው። ክኒኑን አቁሙ አላለም። በሰው ላይ ተሞክሮ የተገኘ ውጤትም አልነበረም፤ መላ ምት ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 4፣ አገራችን የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ማግኘቷን ባስታወቀችበት በዚያው ዕለት፣ የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር ስጋቱን የሚደግፍ በቂ ማስረጃ እንደሌለና ታካሚዎች መድኃኒታቸውን እንዲቀጥሉ አሳሰበ። ይህ ማሳሰቢያ ግን እንደ ደብዳቤው ርቆ አልተጓዘም። «ቀጥሉ» የሚል ቃል አያስደነግጥም፤ ያልደነገጠ ሰው ደግሞ ሌሊት ተነሥቶ ለእህቱ መልእክት አይልክም። አክስትዎ የላኩት ስለሚወዷችሁና ስለ ደነገጡ መሆኑን አልጠራጠርም።

መላ ምቱ ቆይቶ በሰው ላይ ተፈትኗል። በብራዚል እነዚህን የግፊት መድኃኒቶች የሚወስዱና በኮቪድ ምክንያት ሆስፒታል የገቡ 659 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን መድኃኒቱን ለ30 ቀናት እንዲያቆም፣ ሌላው እንዲቀጥል ተደረገ። ውጤቱ ነሐሴ 26 ቀን 2012 ይፋ ሲሆን በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም፤ ያቆሙት በማቆማቸው አልተጠቀሙም። እንግዲህ ከጥያቄው እስከ መልሱ ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። እናትዎ ያለ ክኒን የቆዩት ሦስት ወር የዋለው በዚህ መካከል ነው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከቋንቋችን ጠባይ የመጣ ነገርም አለ፤ ጉዳዩ ቀላል ስለማይመስለኝ ጥቂት ልቆይበት። አማርኛ ጥርጣሬን የሚሸከመው በግሱ ዙሪያ ነው። «ሊያባብስ ይችል ይሆናል» የተባለው ነገር በመጀመሪያው ሰው እጅ «ሊያባብስ ይችላል» ይሆናል፤ በሁለተኛው ሰው እጅ «ያባብሳል»፤ በሦስተኛው «አይተርፍም»። ማንም አውቆ አልዋሸም፤ እያንዳንዱ ያደረገው ነገሩን ማሳጠር ብቻ ነው፤ ነገር ሲያጥር ደግሞ በመጀመሪያ የሚቆረጠው ያ ጥርጣሬን የያዘው ቁራጭ ነው። እንደ ጅማ ባለ፣ አንዱ ቤተሰብ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በሚነጋገርበት ከተማ መልእክቱ በመጀመሪያ ከእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎም ከአንዱ ቋንቋችን ወደ ሌላው ይተረጎማልና ቁርጡ ይበዛል። ስለዚህ «ይችላል» የሚባል ቃል አንድም ጊዜ የሌለበት፣ ሁሉንም በርግጠኝነት የሚናገር የሕክምና መልእክት ሲያጋጥምዎ ጥርጣሬው በመንገድ ላይ ወድቆ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ።

እናትዎ መልእክቱን እንዲያምኑ ያደረጋቸው ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል። ኢናላፕሪል ከሚወስዱ ሰዎች ጥቂት የማይባሉት ደረቅ ሳል ይይዛቸዋል፤ ይህ የመድኃኒቱ የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። በመጋቢት 2012 ሳል ምን ያህል ያስፈራ እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ክኒኑን ውጦ የሚስል ሰው፣ ክኒኑ ከኮሮና ጋር ይገናኛል የሚል መልእክት ሲደርሰው ማመኑ ምን ያስገርማል? ሳሉ ከመድኃኒቱ የመጣ እንደ ሆነ መፍትሔው ሐኪሙ ወደ ሌላ ዓይነት፣ ለምሳሌ ወደ አምሎዲፒን፣ እንዲቀይረው ማድረግ ነበር። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ግን የሰጣቸው ሰው አልነበረም፤ ይህም በእኛ በባለሙያዎች ላይ የሚቆጠር ጉድለት ነው። በዚያ ወቅት ስልክ በደወልን ቁጥር እጃችሁን ታጠቡ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ የሚል ማሳሰቢያ እንሰማ ነበር። ማሳሰቢያው ትክክልና ጠቃሚ ነበር፤ ነገር ግን መልሶ መጠየቅ አይቻልም፤ «የእኔስ ክኒን?» ለሚል ሰው መልስ የለውም። ብዙ የክትትል ታካሚዎችም ሆስፒታል መሄድ ፈርተው ቀጠሯቸውን ያሳለፉበት ጊዜ ነበር። ለራሱ ጥያቄ መልስ ያጣ ሰው መልስ ወደሚመስለው ነገር ይሄዳል።

ቀደም ባለው ዘመን አዋጅ ሲታወጅ ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። ዛሬ በስልካችን የሚዞረውም መልእክት መጨረሻው ላይ «ለምትወዷቸው ሁሉ ሼር አድርጉ» ይላልና ቃሉ ያው ነው። ልዩነቱ የአዋጁ ባለቤት መታወቁ ነው፤ ማን እንዳወጀ፣ በማን አደባባይ እንደ ታወጀ ሰሚው ያውቃል፤ ስህተት ቢገኝበትም የሚጠየቀው እሱ ነው። «አንድ ታዋቂ ዶክተር እንደ ተናገሩት» የሚል ጽሑፍ ግን ባለቤት የለውም። የሕክምና መረጃ ሲያነቡ በመጀመሪያ የሚፈልጉት ነገር ይህ ይሁን፦ ነገ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ማን ይጠየቃል? ከገጹ ስም አጠገብ ያለው ሰማያዊ ምልክት የባለቤቱን ማንነት እንጂ የሚናገረውን እውነትነት እንደማያረጋግጥም ይወቁ።

ሁለተኛው የሚመዘነው ነገር መልእክቱ ምን አድርጉ እንደሚል ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። እውነት መሆኑን በዚያች ሰዓት ማወቅ ባይችሉም፣ ሐሰት ቢሆን ምን እንደሚያሳጣዎት ማወቅ ግን ይችላሉ። ለምሳሌ ማሽተትና መቅመስ ማቆም የኮሮና ምልክት መሆኑን በመጋቢት 2012 ታማሚዎችና የአፍንጫ ሐኪሞች በማኅበራዊ ሚዲያ ሲናገሩ፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ገና በምልክቶቹ ዝርዝር አላስገባውም ነበር፤ ያስገባው በሚያዝያ ነው። የስልኩ ወሬ ከመሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ያን መልእክት አምኖ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ቢሳሳት የሚያጣው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልም ቢሆን፣ ኮሮናን ይከላከላል የሚያሰኝ ማስረጃ ባይገኝለትም፣ በምግብ መጠን ለበላው ምግብ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው «ይህን ስለ ጠጣሁ ጤና ጣቢያ መሄድ አያስፈልገኝም» ሲባል ነው። ዳማከሴውንም ሆነ ፌጦውን ከእናትዎ ጋር አይከራከሩበት፤ ክኒኑ ይቀጥል እንጂ። በፈላ ውኃ እንፋሎት መታጠን ግን ሌላ ነው፤ ቫይረሱን አይገድልም፣ ድስቱ ሲገለበጥ ግን ልጅ ያቃጥላል።

በሚዛኑ ሌላ ጫፍ ያሉት ሰውነት ውስጥ የሚገባ ነገር የሚያስጀምሩ ወይም የሚያስቆሙ መልእክቶች ናቸው። በኢራን አልኮል ቫይረሱን ከውስጥ ይገድላል የሚለውን ወሬ አምነው፣ ሜታኖል ያለበትን መርዛማ አልኮል የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ክሎሮኪን ደግሞ ለእኛ የቅርባችን ነው። በአካባቢያችን ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት የሚታከምበት በመሆኑ የጅማ ሰው ስሙን ከልጅነቱ ያውቀዋል። መጋቢት 2012 ላይ ይህ መድኃኒትና ዘመዱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ኮሮናን ያድናሉ የሚል ወሬ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ሳይታመሙ «ለክፉ ቀን» ክሎሮኪን ሽጥልኝ ብለው የለመኑኝ ሰዎች ነበሩ። ክሎሮኪን በሚያድነውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል። በናይጄሪያም በዚያው ሰሞን በክሎሮኪን የተመረዙ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል። በእንግሊዝ አገር የተካሄደው ታላቅ ሙከራ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሆስፒታል የተኙ ታማሚዎችን ሞት እንዳልቀነሰ ያስታወቀው ግንቦት 28 ነው። እስከዚያ ድረስ እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር። ለለማኞቼ የነገርኳቸው «አይሠራም» ብዬ ሳይሆን፣ «መሥራቱ አልታወቀም፤ መጉዳቱ ግን ይታወቃል፤ አንተ የምትወስደውም ወባ ከያዘው ሰው ላይ ነው» ብዬ ነው። አብዛኞቹ ተረድተውኝ ሄደዋል።

ደግሞ እውነት ሆኖም በግማሹ ብቻ የሚጓዝ ዜና አለ። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚታገዙ ታማሚዎች መካከል ሞትን በሲሶ ያህል እንደሚቀንስ ተነገረ። ዜናው እውነት ነበር፤ ኦክስጅን ለማያስፈልገው ሰው ጥቅም እንደሌለውና ሊጎዳውም እንደሚችል የሚናገረው ሁለተኛው ግማሽ ግን ወደ ኋላ ቀረ። መድኃኒቱ ደግሞ የስኳር ታካሚን ስኳር ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ስለ አንድ መድኃኒት መልካም ዜና ሲያነቡ «ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ብዙ ሰው «እነሱም እኮ ቃላቸውን ይለዋውጣሉ» እንደሚል አውቃለሁ፤ እናትዎም ሳይሉ አይቀሩም። እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመጀመሪያ ጤነኛ ሰው ሁሉ ማስክ እንዲያደርግ አልመከረም ነበር፤ ግንቦት 28 ቀን 2012 ግን በሽታው በሚዛመትባቸውና ርቀት መጠበቅ በሚያስቸግርባቸው ቦታዎች ሕዝቡ የጨርቅ ማስክ እንዲያደርግ መከረ። ምክሩ የተለወጠው ምልክት ያልታየበት ሰው ቫይረሱን ማስተላለፍ እንደሚችል የሚያሳየው ማስረጃ እየጠነከረ በመምጣቱም ጭምር ነው። በእኔ እምነት ምክሩን በቀንና በምክንያት የሚለውጥ አካል ፈጽሞ ከማይለውጠው ይልቅ ሊታመን ይገባዋል። በአክስትዎ ስልክ ያለው መልእክት ግን እስከ ዛሬ አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ ቀንም የለውም። በ2012 የተጻፈ ነገር በ2017 እንደ አዲስ ሊዞር የሚችለውም ቀን ስለሌለው ነው።

አሁን ወደ ግሩፑ ልምጣ። እናትዎን አያስወጧቸው። ይህን የምለው ለይሉኝታ ብዬ አይደለም። ሰኔ 23 ቀን 2012 በአገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንታት ያህል መቆየቱን ያስታውሳሉ። በዚያ ጊዜ ቴሌግራም አልነበረም፤ ወሬው ግን ከአጋሮ በሚመጣ ሚኒባስ፣ በባጃጅና በቡና ላይ መምጣቱን አላቋረጠም። የተቋረጠው ከወሬው ይልቅ ማስተካከያው ነበር፤ እኛም የጤና ሚኒስቴርንና የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ገጾች ከፍተን ለሰው ማሳየት አልቻልንም። እናትዎ ከግሩፑ ቢወጡ መልእክቱ በጎረቤት በኩል ይደርሳቸዋል፤ እርስዎ ግን ምን እንደ ደረሳቸው የሚያዩበት መስኮት ይዘጋብዎታል።

በዚህ ፈንታ ከእናትዎ ጋር አንድ ስምምነት ይግቡ፦ የፈለጉትን ያንብቡ፣ የፈለጉትን ይመኑ፤ ነገር ግን መድኃኒት ከመጀመራቸው፣ ከማቆማቸው ወይም መጠኑን ከመለወጣቸው በፊት አንድ የታወቀ ሰው ይጠይቁ። ያ ሰው ክትትል የሚያደርግላቸው ሐኪም፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ወይም ክኒኑን የሚሸጥላቸው የፋርማሲ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ስሙና ስልኩ በቀጠሮ ካርዳቸው ጀርባ ይጻፍ። በኮሮና ጊዜ 8335 እና 952 የተባሉት የስልክ መስመሮች በነፃ ይመልሱ ነበር፤ ጠቃሚነታቸውም ሰው በራሱ ጉዳይ ጥያቄ አቅርቦ መልስ የሚሰማባቸው መሆናቸው ነበር። ማንበብ የሚከብዳቸው ከሆነም የጅማ ዩኒቨርሲቲን የማኅበረሰብ ሬዲዮ ያስለምዷቸው። ሐኪሙን የሚያናድድ እየመሰላቸው መልእክቱን የሚደብቁ ብዙ ታካሚዎች አሉ፤ እናትዎ ግን ስልኩን አውጥተው ያሳዩ። «ይህን ያህል ተጨንቀዋል» ብሎ የማያነብላቸው ባለሙያ ካጋጠማቸው ሌላ ይፈልጉ።

አክስትዎን በግሩፑ ፊት «ውሸት ነው» ብለው አይመልሱላቸው። ታላቅ ናቸው፣ የላኩትም በፍቅር ነው፤ በሰው ፊት ቢያፍሩ መልእክቱን መላክ አይተዉም፤ የሚተዉት ለእርስዎ መላክን ነው። ለብቻቸው ደውለው፣ እናትዎ ምን እንደ ደረሰባቸው ካልሰሙ ይንገሯቸው። ብዙ ጊዜ ላኪው ያደረሰውን ጉዳት አያውቅም። ከዚያም አክስትዎ ራሳቸው «ያን ጊዜ የላክሁት ትክክል አልነበረም፤ ክኒናችሁን ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙ» ብለው በድምፃቸው እንዲልኩ ይለምኗቸው። በግሩፑ ውስጥ ግፊት ያለባቸው እናትዎ ብቻ ስለማይሆኑ፣ የላኪዋ ድምፅ ከእርስዎም ከእኔም ይልቅ ይሰማል።

በመጨረሻ ስለ እናትዎ ጤና። ዛሬ ደህና ቢሆኑም ሳሉ ካለባቸው ለሐኪማቸው ይናገሩ፤ በእሱ ምክንያት አንዳንድ ቀን ክኒኑን ይዘሉ እንደሆነም በእርጋታ ይጠይቋቸው። ወደ ፊት በማናቸውም ምክንያት ለብዙ ቀናት አቋርጠው ከተገኙ፣ በአንድ ጊዜ ደርበው እንዳይውጡ፤ የክኒኑን ካርቶን ይዘው ሄደው ግፊታቸው ይለካና ሐኪሙ ያስጀምራቸው። ኃይለኛ ራስ ምታት ከእይታ መደብዘዝ ጋር፣ የደረት ሕመም፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መዛል፣ ወይም የአንደበት መያዝ ከታየባቸው ግን ግሩፑም፣ እኔም፣ ስልክም ይቆይ፤ ሌሊትም ቢሆን በዚያችው ሰዓት ወደ ጅማ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።